ስለ መረጃ ቋት ስሕተትና ስለ መፍትሔው፤ ለነጋዴዎች የቀረበ ጥናት

የንግድ ሥራ በሦስት ነገሮች ይቆማል፤ በዕቃ፥ በገንዘብና በታመነ መዝገብ። ዕቃው ቢበዛ፥ ገንዘቡም ቢትረፈረፍ፥ መዝገቡ ከተበላሸ ነጋዴው ያለውንና የሌለውን፥ የሚከፈለውንና የሚከፍለውን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ዛሬ መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመሸጋገር ላይ ስለ ሆነ፥ የመዝገቡም ብልሽት መልኩን ለውጧል። ስለዚህ በዚህ ጥናት የመረጃ ቋት በሚባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ላይ በየዕለቱ የሚያጋጥሙትን ችግሮችና መፍትሔዎቻቸውን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ደብረ ታቦር ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ የፋርጣን፥ የእስቴንና የጋይንትን ደጋ ከፎገራ ሜዳ ጋር የምታገናኝ የገበያ ከተማ ናት። ከደጋው ድንች፥ ገብስና ባቄላ ይወርዳል፤ ከሜዳው ሩዝ ይወጣል፤ ከአዲስ አበባም ቆርቆሮ፥ ሚስማር፥ ጨርቃ ጨርቅ፥ ዘይትና ስኳር ይገባል። ከዚህም ሽያጭ አንዳንዱ በጥሬ ገንዘብ፥ አንዳንዱም በዱቤ ይፈጸማል። ዱቤ ባለበት ስፍራ ሁሉ የመዝገብ ስሕተት የገንዘብ ኪሣራ ብቻ ሳይሆን የወዳጅነት ኪሣራም ነው። የከፈለውን ደንበኛ «አልከፈልህም» ብሎ መጠየቅ እጅግ ያሳፍራል፤ ያልከፈለውንም ረስቶ መተው ሱቁን ያራቁታል። ይልቁንም ኮምፒዩተሩ የሰጠው ቁጥር በጥሩ ፊደል ታትሞ ስለሚወጣ፥ ስሕተት ይኖርበታል ብሎ የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን «ጠርጥር ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

የመረጃ ቋት ምንድን ነው?

ተዛማጅ የመረጃ ቋት የሚባለውን አሳብ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ተወላጅ ኤድጋር ኮድ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዚያው ኩባንያ ባልደረቦች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ፥ ዛሬ ኤስ.ኪው.ኤል. ተብሎ የሚጠራውን የመጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ። አሳቡ በመሠረቱ ቀላል ነው። መረጃው ሁሉ በሠንጠረዥ ይጻፋል፤ ሠንጠረዡም ረድፍና ዓምድ አለው። አንድ ነጋዴ ለምሳሌ የደንበኞች፥ የዕቃዎች፥ የሽያጮችና የክፍያዎች ተብለው የተለዩ አራት ሠንጠረዦች ይኖሩታል። የደንበኛው ስምና ስልክ በደንበኞች ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ በሽያጮች ሠንጠረዥ ግን የደንበኛው መለያ ቁጥር ብቻ ይመዘገባል። ይህ ቁጥር ቁልፍ ይባላል። ሠንጠረዦቹ የሚዛመዱት በዚሁ ቁልፍ ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚመልሰው የተጠየቀውን እንጂ ጠያቂው በልቡ ያሰበውን አይደለም። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ችግሮች አብዛኛዎቹ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ነው።

1ኛ፤ አንዱ ደንበኛ ሦስት ሆኖ ሲገኝ

የአማርኛ ፊደል በአንድ ድምፅ የሚነበቡ ልዩ ልዩ ሆሄያት አሉት። «ኃይሉ»፥ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ሠናይት» እና «ሰናይት»፥ «ዓለሙ» እና «አለሙ»፥ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ በአንድ አጻጻፍ የመዘገበውን ደንበኛ ሌላው ጸሐፊ በሌላ አጻጻፍ ፈልጎ ሲያጣው፥ እንደ አዲስ ደንበኛ ይመዘግበዋል። ዕዳውም በሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም ግማሹን ብቻ ይጠይቃል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፥ ስም ቁልፍ መሆን የለበትም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ሁለተኛ፥ ከስሙ ዓምድ አጠገብ ለመፈለጊያ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይጨመር፤ በዚያም ዓምድ ሐና ኀ ወደ ሀ፥ ሠ ወደ ሰ፥ ዐ ወደ አ፥ ፀ ወደ ጸ እየተለወጡ ይጻፉ፤ «ሃ» እና «ዓ» የሚባሉትም ድምፃቸው ከግዕዙ ጋር አንድ ስለ ሆነ በዚያው ይጠቃለሉ። ፍለጋው በዚህ ዓምድ ሲደረግ ሦስቱም አጻጻፎች በአንድነት ይገኛሉ፤ በደረሰኝ ላይ የሚታተመው ስም ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይቆያል። የራስን፥ የአባትንና የአያትን ስም በሦስት ዓምዶች ለይቶ መጻፍም የስም መመሳሰልን ያቃልላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አኃዝ ያለው ሲሆን ብዙ ጊዜ በዜሮ ይጀምራል። ዓምዱ የቁጥር ዓምድ ተብሎ ከተሠራ በመጀመሪያ ያሉት ዜሮዎች ይጠፋሉ፤ በ09 የሚጀምረው የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ይጎድላል። ሊደመርና ሊቀነስ የማይችል ቁጥር ሁሉ በጽሑፍ ዓምድ መቀመጥ አለበት። ገንዘብ ግን አሥርዮሽን በትክክል በሚይዘው ዴሲማል በተባለው የቁጥር ዓይነት ይመዝገብ፤ ፍሎት የሚባለው ዓይነት 0.1 እና 0.2 ሲደምር በትክክል 0.3 አይሰጥምና ሳንቲሞች እየተከማቹ ሒሳቡ አልገጥም ይላል።

2ኛ፤ የቀን አቆጣጠር ሲምታታ

የኮምፒዩተር የቀን ዓምድ የተሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን በወር ቁጥር 2 እና በቀን ቁጥር 30 ሆኖ ቢጻፍ፥ ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለ ሆነች ፈጽሞ አይቀበላትም። ከዚህም የከፋው ሳይመልሰው ሲቀር ነው፤ ጸሐፊው 2016 ዓ.ም. ብሎ ያሰበውን ዓመት ኮምፒዩተሩ የፈረንጅ 2016 አድርጎ ይይዘዋል፤ የትናንቱም ዱቤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ዕዳ ሆኖ ይታያል።

ይህን ለመሸሽ ቀኑን በጽሑፍ ዓምድ የሚያስገቡ አሉ፤ ነገር ግን ጽሑፍ የሚደረደረው በአኃዙ መልክ ስለ ሆነ «10/1/2016» ከ«2/1/2016» አስቀድሞ ይመጣል፤ የወር መጨረሻ ዝርዝርም የተዘበራረቀ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ በቋቱ ውስጥ የፈረንጁን ቀን በቀን ዓምድ ማስቀመጥ፥ በመግቢያውና በመውጫው ላይ ግን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጥ መሣሪያ ማኖር ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ይህም ሐምሌ 8 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የዓመቱን ሽያጭ «ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7» ብሎ ቢትዊን በሚባለው ቃል የሚጠይቅ ሰው፥ ዓምዱ ሰዓትንም የሚይዝ ከሆነ የመጨረሻዋን የሰኔ 30 ሽያጭ ያጣል። ኮምፒዩተሩ «ጁላይ 7» ሲባል የዚያችን ዕለት መባቻ እኩለ ሌሊት ብቻ ያያልና፥ ከዚያ በኋላ የተሸጠው ሁሉ ይቀርበታል። ስለዚህ ጥያቄው «ከጁላይ 8 ጀምሮ፥ ከተከታዩ ዓመት ጁላይ 8 በፊት» ተብሎ ይጻፍ።

3ኛ፤ ዕዳው ከእውነተኛው ሲበልጥ

ይህ ችግር ነጋዴውን ከደንበኛው ጋር ከሚያጣሉት ሁሉ የባሰ ስለ ሆነ በምሳሌ እናስረዳው። አንድ የጋሳይ ባለ ሱቅ ከደብረ ታቦር ጅምላ ነጋዴ ሦስት ጊዜ በዱቤ ወሰደ እንበል፤ የ4,000፥ የ6,000 እና የ5,000 ብር ዕቃ፥ በጠቅላላው 15,000 ብር። ከዚያም ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ 3,000 እና 2,000 ብር፥ በጠቅላላው 5,000 ብር። ቀሪ ዕዳው 10,000 ብር መሆኑ ግልጽ ነው።

ጸሐፊው ግን የደንበኞችን፥ የሽያጮችንና የክፍያዎችን ሠንጠረዥ በአንድ ጥያቄ ጆይን በሚባለው ትእዛዝ አገናኝቶ ይደምራል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ሽያጭ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ይጣመራል፤ 3 ሽያጭ በ2 ክፍያ ሲባዛ 6 ረድፍ ይወጣል። ሽያጩ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ 30,000 ብር፥ ክፍያውም ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ 15,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 15,000 ብር ነው። እነሆ፥ ደንበኛው 5,000 ብር ያለ አግባብ ተጨመረበት፤ ምንም የከፈለ አይመስልም።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲያዩ ዲስቲንክት የሚባለውን ቃል ጨምረው ድግግሞሹን ለማጥፋት ይሞክራሉ። ይህ ግን ቁስሉን መሸፈን እንጂ መፈወስ አይደለም፤ ደንበኛው በሁለት ቀን እኩል 3,000 ብር ቢከፍል አንደኛው ክፍያ እንደ ድግግሞሽ ተቆጥሮ ይጠፋልና። ትክክለኛው መፍትሔ አስቀድሞ የእያንዳንዱን ደንበኛ ሽያጭ ለብቻ፥ ክፍያውንም ለብቻ መደመር፥ ከዚያም አንድ አንድ ረድፍ የሆኑትን ሁለት ድምሮች ማገናኘት ነው።

4ኛ፤ ደንበኛው ከዝርዝሩ ሲጠፋ

ከላይ የተነገረውን ድምር አስተካክሎ የጻፈ ሰው ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። ተራው ጆይን የሚያወጣው በሁለቱም ወገን የተገኘውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድም ቀን ያልከፈለ ደንበኛ በክፍያ ሠንጠረዥ ስለሌለ ከዕዳ ዝርዝሩ ፈጽሞ ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ሳይጠየቅ ይቀራል ማለት ነው። በዚህ ስፍራ ሌፍት ጆይን የሚባለው ትእዛዝ ይገባል፤ እርሱም የደንበኞችን ረድፍ ሁሉ ይይዛል፥ ክፍያ የሌለውንም ባዶ አድርጎ ያሳያል።

ይህ ባዶ ነል ይባላል። ነል ዜሮ አይደለም፤ «አልታወቀም» ማለት ነው። ከ15,000 ላይ ያልታወቀ ሲቀነስ ውጤቱም ያልታወቀ ስለሚሆን የዕዳው ዓምድ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ኮአሌስ በሚባለው ትእዛዝ ነሉ በዜሮ ይተካ።

ነል በሌላም ስፍራ ያስታል። ከ120 ደንበኞች 70ው የደብረ ታቦር ናቸው እንበል። «ከተማቸው ደብረ ታቦር ያልሆነውን አሳየኝ» ሲባል 50 መውጣት ሲገባው 41 ብቻ ቢወጣ፥ የ9ኙ ከተማ ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩም የማያውቀውን ነውም አይደለምም አይልም። እንዲሁም «በዚህ ወር ያልገዙትን ደንበኞች አውጣ» ብሎ ኖት ኢን በሚባለው ቃል የጠየቀ ሰው፥ በሽያጮች ሠንጠረዥ የደንበኛ ቁጥር ያልተጻፈበት አንድ የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ብቻ እንኳ ቢኖር ምንም ስም አያገኝም። በዚያ ፈንታ ኖት ኤግዚስትስ ቢባል መልሱ ይስተካከላል። የጥሬ ገንዘብ ገዢም «ልዩ ልዩ ደንበኛ» ተብሎ የራሱ ቁጥር ቢሰጠው ባዶው ከመሠረቱ ይወገዳል።

5ኛ፤ አንዱን ለማረም ሁሉን ማበላሸት

የአንድን ዕቃ ዋጋ ለማረም አፕዴት፥ አንድን ረድፍ ለመሰረዝ ዲሊት የሚባሉት ትእዛዞች ያገለግላሉ። የትኛው ረድፍ እንደ ሆነ የሚለየው ዌር የተባለው ቃል ነው። ይህ ቃል ከተረሳ ትእዛዙ በሠንጠረዡ ረድፍ ሁሉ ላይ ይፈጸማል፤ የአንድ ኩንታል ሩዝ ዋጋ የሚስማሩም፥ የዘይቱም፥ የጨርቁም ዋጋ ይሆናል።

መጠበቂያው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ያንኑ ዌር ይዞ ሰሌክት በሚባለው ትእዛዝ የሚነኩትን ረድፎች ማየት፤ ሁለተኛ ቢጊን ብሎ የሥራውን መጀመሪያ ማስታወቅ፤ ሦስተኛ ማረሚያውን ሰጥቶ ስንት ረድፍ እንደ ተለወጠ ማንበብ፤ አንድ ታስቦ 800 ከሆነ ሮልባክ ብሎ ወደ ነበረበት መመለስ፤ ትክክል ከሆነ ግን ኮሚት ብሎ ማጽናት። ኮሚት ከተባለ በኋላ ግን መመለሻው የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው።

የለውጥ ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው በአገራችን ከታዩት ነገሮች አንዱ ያስረዳል። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሥርዓት ጥገናና ፍተሻ ጋር በተያያዘ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ኋላ እንዳስታወቀው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ በዚህ አኳኋን ወጥቷል፤ ነገሩም ከውጭ የተሰነዘረ የኮምፒዩተር ጥቃት አልነበረም፤ ከገንዘቡም ብዙው ተመልሷል። ትምህርቱ ለትንሹም ሱቅ ይጠቅማል። ማናቸውም ለውጥ በሥራ ላይ ባለው መዝገብ ሳይሆን አስቀድሞ በቅጂው ላይ ይሞከር። እንዲሁም «በመጋዘን ያለው ዕቃ ከዜሮ ሊያንስ አይችልም» የመሰለው ደንብ ቼክ በሚባለው መንገድ በቋቱ ውስጥ ይጻፍ፤ ፕሮግራሙ ቢሳሳት እንኳ ቋቱ ራሱ እንዲከለክል።

6ኛ፤ መልሱ ሲዘገይና ሥራው ሲቆም

መዝገቡ ትንሽ ሳለ ፈጣን የነበረው ፍለጋ ረድፉ እየበዛ ሲሄድ ይዘገያል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የማውጫ አለመኖር ነው። ማውጫ የሌለው ሠንጠረዥ ማውጫ እንደሌለው ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ አንድ ቃል ለማግኘት ገጹን ሁሉ ማገላበጥ ግድ ይሆናል። በየጊዜው ለሚፈለጉትና ለሚዛመዱት ዓምዶች፥ ይኸውም ለደንበኛ ቁጥር፥ ለቀንና ለስልክ፥ ማውጫ ይሠራላቸው። ማውጫ በበዛ ቁጥር ግን አዲስ ረድፍ ማስገባት ስለሚከብድ ለሁሉም ዓምድ መሥራት አይገባም። ፍለጋው በስሙ መካከል ያለ ፊደል በመያዝ ከሆነም ተራው ማውጫ አይረዳም፤ ከስሙ መጀመሪያ መፈለግ ይሻላል።

ኮምፒዩተሩ ዘገምተኛ ሳይሆን ፈጽሞ የቆመ ሲመስል ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጸሐፊ ቢጊን ብሎ አንድ ረድፍ ከለወጠ በኋላ ኮሚት ሳይል ለቡና ቢነሣ፥ ያንኑ ረድፍ የሚፈልገው ሌላው ጸሐፊ እስኪመለስ ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ የተጀመረ ለውጥ ሳይፈጸም ወይም ሳይመለስ ከመቀመጫ አይነሡ።

7ኛ፤ ፊደሉ ሲጠፋና መብራት ሲቋረጥ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቋቱ ወይም ዓምዱ ይህን እንዲቀበል ካልተደረገ «ደብረ ታቦር» ተብሎ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀመጣል። ጽሑፉ በቋቱ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ከሆነ የቀድሞው ስም ጠፍቷልና ከቅጂ ወይም ከወረቀት እንደ ገና መጻፍ አለበት። እንግዳ የላቲን ፊደላት ሆኖ ከታየ ግን መረጃው ብዙ ጊዜ አለ፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። ስለዚህ ቋቱ ሲቋቋም ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 የተባለው አጻጻፍ ይመረጥ፤ ሺህ ስም ከመግባቱም በፊት አንድ ስም አስገብቶ መልሶ ማንበብ ይገባል።

መብራት ድንገት ሲቋረጥ ጥሩ ቋት አስቀድሞ በማስታወሻው የጻፈውን ይዞ ይነሣል፤ ኮሚት የተባለውን ያጸናል፥ ያልተባለውን ይሰርዛል። ሆኖም ዲስኩ ራሱ ሊበላሽ ይችላልና ቅጂ ግዴታ ነው። ቅጂው በየማታው ይወሰድ፤ ቋቱ በሥራ ላይ ሳለ ፋይሉን ገልብጦ በመውሰድ ሳይሆን ለዚሁ በተሠራው መሣሪያ ይሁን፤ አንዱ ቅጂ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ የሚመለከት ስለ ሆነ፥ የደንበኞች ስምና ስልክ ያለበት ቅጂ በማንም እጅ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ችግር ሲያጋጥም በዚህ ቅደም ተከተል መመርመር ይጠቅማል። መጀመሪያ ምንም ነገር ሳይለውጡ ቅጂ መውሰድ፤ ቀጥሎ የስሕተቱን ቃል እንደ ተጻፈ መመዝገብ፤ ሦስተኛ ጥያቄውን ከፋፍሎ ከአንድ ሠንጠረዥ በመጀመር ረድፉ በየት ስፍራ እንደ በዛ ወይም እንደ ጎደለ መቁጠር፤ አራተኛ ሒሳቡ በእጅ የሚታወቅ አንድ ደንበኛ መርጦ የኮምፒዩተሩን መልስ ከደረሰኞቹ ጋር ማመሳከር፤ በመጨረሻም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ እንደ ገና መሞከር። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ፈወሰው አያውቅም።

ከእነዚህ ሁሉ አራተኛው ለነጋዴው ይበልጥ ቅርብ ነው፤ የኮምፒዩተር ሊቅነት አይጠይቅምና። የዕዳ ዝርዝር ለደንበኞች ከመላኩ በፊት ሦስት ስሞች ይመረጡ፤ አንዱ ብዙ ጊዜ የከፈለ፥ አንዱ አንድም ቀን ያልከፈለ፥ አንዱም ዕዳውን የጨረሰ ይሁን። የሦስቱ ሒሳብ ከደረሰኙ ጋር ከተስማማ ከላይ ያየናቸው የድምርና የመጥፋት ስሕተቶች በዝርዝሩ ላይ ባይታዩ ይልቃል፤ ካልተስማማ ግን ዝርዝሩ አይላክ። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፥ ስሕተቱ በሱቁ ውስጥ ሳለ ይታረም፤ ከደንበኛው ደጅ ከደረሰ በኋላ የሚታረመው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ የተቀየመውን ልብ መመለስ ሌላ ድካም ይጠይቃል።